ብረት የሚቈርጥ ድንጋይ የሠራው ኤድዋርድ አቺሰን



ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር በሰቶ ሰመሮ ቤታችን ግቢ ውስጥ የደረሰ አንድ አደጋ ይህን ታሪክ እንድጽፍ ምክንያት ሆነኝ። በጅማ ምድር ክረምቱ ቀድሞ እንደሚገባ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔም ዝናቡ ሳይበረታ ከጣራችን ሥር አሸንዳ አበጅቼ፣ ውሃውን ወደ በርሜል ለማውረድ አሰብሁ። ለዚሁም አንድ ቀጭን ላሜራ ገዛሁ፤ ከአንድ ጓደኛዬም ግራይንደር ተዋስሁ። መነጽር አላደረግሁም፤ ላሜራውንም በሞርሳ አላሰርሁም። በአንድ እግሬ ረግጬ ብቻ መቍረጥ ጀመርሁ።

ጥቂት እንደ ቈረጥሁ ላሜራው ታጠፈና ዲስኩን ቆንጥጦ ያዘው። መሣሪያው ከእጄ ሊያመልጥ በኀይል ዘለለ፤ ዲስኩም ተሰባበረ። አንዱ ስባሪ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ከኋላዬ የነበረውን የእንጨት በር መታው። በዚያ በር ደፍ ላይ ታናሽ እኅቴ ተቀምጣ ቡና ስትለቅም ቈይታ፣ እናታችን ስለ ጠራቻት ገና መነሣቷ ነበር። በሩ ላይ የቀረውን ጠባሳ ዛሬም ባየሁት ቍጥር ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

ድምፁን ሰምተው አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን መጡ። እኒህ ሰው ዕድሜያቸውን በሙሉ ቆርቆሮና ላሜራ ሲቈርጡ የኖሩ ባለሙያ ናቸው። እኔ ቍጣ ስጠብቅ እሳቸው ጐንበስ ብለው ስባሪውን አነሡና በመዳፌ ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያም ይህ ነገር ከምን የተሠራ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በፊዚክስና በኬሚስትሪ ጥሩ ማርክ የማመጣ ተማሪ ስሆን፣ በእጄ ይዤው የነበረውን ነገር ምንነት ባለማወቄ ዐፈርሁ። የማያውቁትን ነገር ይዞ መሥራት ዐይንን ጨፍኖ ገደል አፋፍ ላይ እንደ መሄድ መሆኑን ነግረውኝ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚያች ስባሪ መጠየቅና ማንበብ ጀመርሁ። መንገዱም ከመቶ ዓመት በፊት ወደ ነበረ አንድ ሰው መራኝ። ይህ ሰው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ጉድሪች አቺሰን ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የእሱ ዘመኖች በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ኤድዋርድ አቺሰን በመጋቢት 9 ቀን 1856 በአሜሪካ በፔንሲልቫንያ ክፍለ ሀገር ዋሽንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ ይህች ከተማ ስሟ ይመሳሰል እንጂ የመንግሥቱ ዋና ከተማ አይደለችም። ያደገበት አገር የድንጋይ ከሰል የሚቈፈርበትና ብረት የሚቀልጥበት ስለ ነበረ፣ የእሳትና የብረት ሥራ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለዐይኑ እንግዳ አልነበረም። ትምህርት ቤት ገብቶ የመሬት ቅየሳ ተማረ፤ ነገር ግን የቤተ ሰቡ ኑሮ ስለ ከበደ በ16 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ሥራ ገባ።

ቀን ቀን የባቡር ሐዲድ በሚዘረጋበት መሬት የቀያሾች ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር። ማታ ማታ ግን ጓደኞቹ ሲያርፉ እሱ ስለ ኤሌክትሪክ የሚናገሩ መጻሕፍትን ያነብና በራሱ ገንዘብ በገዛቸው ዕቃዎች ይሞክር ነበር። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋበትም መማሩን እንዳልተወ ከዚህ ይታወቃል።

በ1880 በ24 ዓመቱ ራሱ የሠራውን ባትሪ ይዞ ዝናው በዓለም ሁሉ ወደ ተሰማው ወደ ቶማስ ኤዲሰን ዘንድ ሄደ። ሐሳቡ ባትሪውን ለመሸጥ ነበር፤ በባትሪው ፈንታ ግን የራሱን ጕልበትና ዕውቀት የሚፈልግ ሰው አገኘ። ኤዲሰን በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በመንሎ ፓርክ በነበረው የምርምር ቤቱ ቀጠረው። አቺሰን በዚያ ቤት በአምፑል ውስጥ ለሚበራው ክር የሚሆን ካርቦን ለማግኘት በሚደረገው ሙከራ ላይ ይሠራ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1881 በፓሪስ ለተደረገው የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ከኤዲሰን ሠራተኞች ጋር ወደ አውሮፓ ተላከ፤ ከዚያም በልዩ ልዩ አገሮች የኤሌክትሪክ መብራት ሲተከል አብሮ ሠራ። በ1884 ከኤዲሰን ዘንድ ወጥቶ በራሱ መንገድ መሄድ ጀመረ።

አቺሰን ብዙ ዓመት በልቡ ያኖረው አንድ ምኞት ነበረው፤ ይኸውም አልማዝ መሥራት ነው። አልማዝ ካርቦን መሆኑን የዘመኑ ሊቃውንት ያውቁ ነበር። ከሰልም ካርቦን ነው። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ከሰልን በታላቅ ሙቀት አልማዝ ለማድረግ ይሞክሩ ነበር፤ አቺሰንም ከእነርሱ አንዱ ሆነ።

በ1891 ሞኖንጋሂላ በምትባል የፔንሲልቫንያ ከተማ ሳለ የኤሌክትሪክ ኀይል በእጁ ገባ። በእኛ አቈጣጠር ጊዜው 1883 ዓ.ም. አካባቢ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር፤ በጅማም ንጉሥ አባ ጅፋር በጅሬን ተቀምጠው ይገዙ ነበር። አቺሰን አንድ የብረት ጐድጓዳ ሳሕን ወሰደ፤ በውስጡም የሸክላ አፈርና የተፈጨ ኮክ፣ ማለት የተጣራ ከሰል፣ ቀላቅሎ አኖረ። በድብልቁ መካከል የካርቦን ዘንግ ተከለ፤ አንዱን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሳሕኑ፣ ሁለተኛውን ከዘንጉ ጋር አገናኝቶ ኀይሉን ለቀቀው።

ሁሉ ነገር ከቀዘቀዘ በኋላ በሳሕኑ ውስጥ አልማዝ አልተገኘም። በዘንጉ ጫፍ ላይ ግን ጥቂት የሚያብለጨልጩ ነጠብጣቦች ተጣብቀው ነበር። ያልፈለገውን ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ሳሕኑን ደፍቶ እንደገና መጀመር ነው። አቺሰን ግን ያን አላደረገም። ከነጠብጣቦቹ አንዱን በእርሳስ ጫፍ ላይ አጣብቆ በመስታወት ላይ ሳበው፤ መስታወቱም ተጫረ። ያን ጊዜ በእጁ የያዘው ነገር እጅግ ጠንካራ መሆኑን ዐወቀ፤ ሙከራውንም ደጋግሞ ብዛት ያለው ፍሬ አከማቸ።

ይህን ፍሬ ካርቦረንደም ብሎ ሰየመው። ስሙን ያወጣው ካርቦንና ኮረንደም ከሚባሉ ሁለት ቃላት ነው፤ ኮረንደም ከአልማዝ ቀጥሎ በጥንካሬው የሚታወቅ ማዕድን ነው። አቺሰን የሸክላው አፈር አሉሚኒየም ከካርቦን ጋር የተዋሐደ መስሎት ነበር። በኋላ ነገሩ ሲመረመር ግን ግምቱ ስሕተት ሆኖ ተገኘ፤ ፍሬው በአፈርና በአሸዋ ውስጥ ያለው ሲሊኮን ከካርቦን ጋር ተዋሕዶ የተገኘ ነው። ዛሬ በኬሚስትሪ ስሙ ሲሊኮን ካርባይድ ይባላል። ስሕተቱ ሲገለጥ አቺሰን የምርመራውን ውጤት ተቀብሎ ሥራውን ቀጠለ፤ የተሳሳተው ስም ግን እስከ ዛሬ አብሮት ይኖራል።

አቺሰን የመጀመሪያውን ፍሬ በትንሽ ብልቃጥ ይዞ ወደ ኒውዮርክ ሄደና አልማዝ ለሚሞርዱ ሰዎች አሳየ። እነርሱም እንደሚሠራላቸው ስላዩ አንዱን ካራት በ40 የአሜሪካ ሳንቲም ገዙት። አንድ ካራት የግራም አንድ አምስተኛ ያህል ስለ ሆነ፣ ዋጋው እንደ ዕንቍ ዋጋ ነበር። የፈጠራ መብቱ በየካቲት 28 ቀን 1893 በመንግሥት ተመዘገበለት፤ የካርቦረንደም ኩባንያንም አቋቋመ።

አሁን ወደ እኔ ስባሪ የሚያደርሰውን ነገር አስተውሉ። ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎች መካከል የጥርስ ሐኪሞች ነበሩ። በእግር እየተረገጠ የሚዞር የጥርስ መሰርሰሪያ ከ1870ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ይሠራበት ነበር፤ በጫፉም ላይ ትናንሽ የካርቦረንደም መንኰራኵሮች ይገጠሙለት ጀመር። እንግዲህ በእጅ ተይዞ በፍጥነት የሚሽከረከር፣ ጠንካራውን ነገር የሚፍቅና የሚቈርጥ ትንሽ መሣሪያ ያን ጊዜም ነበረ ማለት ነው። በኋላ ትናንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ሲሠሩ ይኸው ሐሳብ እየሰፋ ሄደ። በ1895 በጀርመን አገር ፋይን የተባለው ኩባንያ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሠራ። በ1930ዎቹ በአሜሪካ ድሬመል የተባለው ኩባንያ እንደ እርሳስ የሚያዝ ፈጣን መሣሪያ አወጣ። በ1954 ደግሞ ፍሌክስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ዛሬ በየብረት ቤቱ የምናየውን ፈጣን ግራይንደር ለገበያ አቀረበ።

አቺሰን ግን ገበያው ገና ጠባብ ሳለ ሩቅ ያይ ነበር። ፍሬው የሚሠራበት ምድጃ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ስለዚህ በ1895 ታላቁ የናያግራ ፏፏቴ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ሲጀምር ፋብሪካውን ወደዚያ ሊያዛውር ወሰነ። ያን ጊዜ የሚሠራውን እንኳ በሙሉ መሸጥ አልቻለም ነበርና የኩባንያው ሹማምንት በውሳኔው አልተስማሙም። አቺሰን ግን ነገሩን ወደ ፍጻሜ አደረሰ። በናያግራም በረዣዥም ምድጃዎች ውስጥ አሸዋና ኮክ፣ ጥቂት የእንጨት ብናኝና ጨው ተጨምሮበት ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቅ ጀመር። ካርቦኑ በአሸዋው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን እየነጠቀ በጋዝ መልክ ይወጣል፤ የቀረው ሲሊኮን ከቀረው ካርቦን ጋር ይዋሐዳል። በዚህ መንገድ ዋጋው እንደ ዕንቍ የነበረው ፍሬ ለማንኛውም ብረት ሠራተኛ የሚደርስ ሆነ። ይኸው አሠራር ዛሬም በስሙ የአቺሰን ዘዴ ይባላል።

በምድጃው ላይ ሲመራመር ሌላም ነገር አገኘ። ካርቦረንደም ከመጠን በላይ ሲሞቅ ሲሊኮኑ ተንኖ ይሄድና ንጹሕ ግራፋይት ይቀራል። ግራፋይት በእርሳስ ውስጥ የምናየው፣ ለባትሪና ለብረት ማቅለጫ ምድጃም የሚያስፈልገው ጥቍር ነገር ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ በኦሪት ዘፀአት እስራኤላውያን ለጡብ ጭድ ይሰበስቡ እንደ ነበር የተጻፈውን አስቦ፣ ጭድ ለጭቃ የሚሰጠው ብርታት ከምን እንደሚመጣ ሊያውቅ ሞከረ። የጭድ ውሃ ከሸክላ ጋር ሲደባለቅ ሸክላው እንደሚበረታ አይቶ ያን ሸክላ የግብፅ ሸክላ አለው። እኛ በጭድ የተቦካ የጭቃ ቤት ውስጥ ያደግን ልጆች ስንቶቻችን ስለዚህ ነገር ጠይቀን እናውቃለን?

ይሁን እንጂ ሕይወቱ ሁልጊዜ የተሳካ አልነበረም። ናያግራ ላይ ትልቁን ፋብሪካ ለመሥራት ብዙ ገንዘብ ተበደረ፤ ከጊዜ በኋላም ባለ ገንዘቦቹ በረቱና ራሱ የመሠረተው ኩባንያ ከእጁ ወጣ። እሱ ግን ተስፋ አልቈረጠም፤ በግራፋይት ሥራ ሌላ ኩባንያ አቁሞ እስከ ሽምግልናው ሲመራመር ኖረ። በዕድሜው 70 ያህል የፈጠራ መብቶች ተመዝግበውለታል። በ1910 የፐርኪን ሜዳልያ የተባለውን የኬሚስትሪ ሽልማት ተቀበለ። በ1926 የአሜሪካ የፈጠራ መመዝገቢያ መሥሪያ ቤት ለኢንዱስትሪ ዘመን ዋና ምክንያት ናቸው ብሎ ከመረጣቸው 22 ፈጠራዎች አንዱ ካርቦረንደም ነበረ። ኤድዋርድ አቺሰን በ75 ዓመቱ በሐምሌ 6 ቀን 1931 በኒውዮርክ ከተማ ዐረፈ።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ስባሪዋን ይዤ ወደ ሽማግሌው ጎረቤታችን ተመለስሁ፤ ያገኘሁትንም ነገርኋቸው። እሳቸውም ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን በእጃቸው አሳዩኝ። ከሁለታችን ዕውቀት የተገኘውን ለእናንተ ላካፍላችሁ።

የመቍረጫ ዲስክ እንደ ቢላዋ ስለት የለውም። በሙጫ የተያያዙ እልፍ አእላፋት ጠንካራ ፍሬዎች ናቸው፤ በመካከላቸውም እንዳይበታተኑ የሚያጠናክር መረብ አለ። እያንዳንዱ ፍሬ ከብረቱ ላይ እጅግ ትንሽ ፍቅፋቂ ያነሣል፤ ሲደነዝዝ ይረግፍና ከሥሩ አዲስ ስለታም ፍሬ ይወጣል። ስለዚህ ዲስኩ በሠራ ቍጥር እያነሰ ይሄዳል። ለድንጋይና ለሲሚንቶ የሚሆነው ዲስክ የአቺሰን ሲሊኮን ካርባይድ ነው። ለብረት የሚሆነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ይሠራል፤ ይህም አቺሰን ስም ሲያወጣ ያሰበው የኮረንደም ዘር ነው። ሲሊኮን ካርባይድ የበለጠ ጠንካራ ቢሆንም በብረት ላይ ቶሎ ይበላል። እንግዲህ ዲስክ ስንገዛ በላዩ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ የድንጋዩን ለብረት ማድረግ አይገባም።

ስለ ፍጥነቱ ደግሞ በራሴ ሒሳብ አወጣሁት። ወርዱ 115 ሚሊ ሜትር የሆነ ዲስክ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ቢዞር፣ ጠርዙ በሰዓት ከ230 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። በእኅቴ መቀመጫ በኩል ያለፈው ስባሪ በዚህ ፍጥነት የተወረወረ ነበር። ስለዚህ የዲስኩ መከላከያ ክዳን መነሣት የለበትም፤ መነጽር ሳያደርጉ መሣሪያውን መንካት አይገባም፤ በዲስኩ ትይዩ ሰው መቆም የለበትም።

ቀጭን ላሜራ ከወፍራም ብረት ይልቅ ተንኰለኛ ነው፤ ይርገበገባል፣ ይታጠፋል፣ ዲስኩንም ይቆነጥጣል። ሽማግሌው ላሜራውን በሁለት ጣውላዎች መካከል አድርገው በሞርሳ ያስሩታል፤ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቀጭን ዲስክ ይገጥማሉ፤ ከዚያም ሳይጫኑ በእርጋታ በመሥመሩ ላይ ይመላለሳሉ። በመጨረሻም የተቈረጠውን ጠርዝ በሞረድ ያለሰልሳሉ፤ ያልተሞረደ ላሜራ እንደ ምላጭ ነውና። የጣራ ቆርቆሮ ሲሆን ግን ግራይንደሩን ወደ ጎን አድርገው መቀስ ያነሣሉ። በቆርቆሮው ላይ የተቀባው ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ፣ በዲስክ የተቈረጠው ጠርዝ ዝገት የሚከላከልለት ልብሱን ያጣል፤ የሚረጨውም ፍንጣሪ በጣራው ላይ ተጣብቆ ዝገት ይጀምራል። ዝናብ በሚበዛበት በአገራችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እነዚህን ነገሮች ሲያሳዩኝ ሽማግሌው አንድ ነገር አጫወቱኝ። በወጣትነታቸው ቀጥቃጭ እየተባሉ ይሰደቡ ነበር፤ ብረት የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው እየተባለ ቡና እንኳ አብሮ የማይጠጣቸው ጎረቤት ነበር። በጣራው ላይ ያለውን ቆርቆሮ ቈርጠው የከደኑለት ሰው ሲያያቸው ፊቱን ያዞር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸውን በታሪክ ትምህርት ተምረናል። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከአንዳንድ አፍ ገና አልወጣም። እኔም ራሴ በእረፍት ቀኔ ከሽማግሌው ዘንድ ሙያ መማር ስጀምር፣ ከክፍል ጓደኞቼ አንዳንዶቹ ሲሳለቁብኝ ሰምቻለሁ።

ለእነዚያ ጓደኞቼ ሳልቈጣ የምመልሰው ይህ የአቺሰን ታሪክ ነው። ትምህርቱን በ16 ዓመቱ ያቋረጠ ልጅ በእጁ እየሠራ፣ የሠራውንም እየጠየቀ፣ ዓለም ብረትን የሚሞርድበትን መንገድ ለወጠ። እጁ ያለ ጥያቄ ቢሆን ኖሮ በዘንጉ ጫፍ ያሉትን ነጠብጣቦች ጠርጎ በጣላቸው ነበር። ጥያቄው ያለ እጅ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሳሕኑም ምድጃውም ባልነበሩ ነበር። እኔ በዚያ በግንቦት ቀን እጅ ብቻ ነበርሁ፤ በክፍል ውስጥም ብዙ ጊዜ ጥያቄ ብቻ ሆኜ እቀመጣለሁ። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ እንዲገናኙ ያስተማሩኝ በመጽሐፍ ያገኘሁት አቺሰንና በጎረቤት ያገኘኋቸው ሽማግሌ ናቸው።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ ብረት ልሥራ ሲል አትከልክሉት፤ መነጽርና አስተማሪ እንዳለው ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። መምህራኖቻችን ሆይ፤ በየብረት ቤቱ ያሉትን ባለሙያዎች አንድ ቀን ወደ ክፍላችን ጋብዙልን። እናንተም ጓደኞቼ፤ አንድ መሣሪያ ከማንሣታችሁ በፊት ይህ ከምን ተሠራ ብላችሁ ጠይቁ።

አሸንዳው በሽማግሌው እርዳታ ተሠርቶ ክረምቱን በሙሉ ውሃ ሲያወርድልን ከረመ። ስባሪዋ ግን በመጻሕፍቴ መካከል ተቀምጣለች። እኅቴ አንዳንድ ጊዜ ታነሣትና ለምን እንደማልጥላት ትጠይቀኛለች፤ እኔም በሩ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳያታለሁ።